ሦስት ፊደል በአንድ ጠረጴዛ ላይ

(የመግቢያ ዜማ፤ ቀስ ብሎ ይወርዳል)

ዛሬ ለሬዲዮ የማይመች ርእስ ይዘን ቀርበናል፤ በዓይን ስለሚታይ ነገር በጆሮ ልናወራ ነው። ርእሳችን የመጽሐፍ ገጽ ነው። ጽሑፉ ምን ይላል የሚለውን ለሌላ ጊዜ እንተወውና ጽሑፉ ገጹ ላይ እንዴት ተቀመጠ የሚለውን እናያለን። ስለዚህ አንድ ነገር እንለምናችሁ፤ እጃችሁ የሚደርስበት መጽሐፍ ካለ አምጡና ጭናችሁ ላይ አድርጉት። ልቦለድ ይሁን የልጆች መማሪያ፣ ዳዊት ይሁን ኪታብ፣ ለዛሬ ሥራችን ሁሉም ይሆናል። ከጠፋ፣ ከትምህርት ቤት የመጣ ወርክሺትም ይበቃል። ማስመሪያና እርሳስ ከተገኘ ደግሞ እሰየው።

ዝግጅቱን ስናሰናዳ ያሰብናቸው ሰዎች አሉ። በከሚሴ የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ተቀምጠው ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ጽሑፍ የሚተይቡ ወጣቶች አሉ። ለተማሪዎቻቸው ማስታወሻ የሚያባዙ መምህራን አሉ። መንዙማ ወይም ግጥም ሲያጠራቅሙ ኖረው አንድ ቀን በራሳቸው ገንዘብ ለማሳተም የሚያስቡም አሉ። ማንም ዲዛይነር ብሎ አልጠራቸውም እንጂ እነዚህ ሰዎች በየቀኑ ገጽ ያበጃሉ። ሙያውን በወግ ለመማር አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ለብዙዎቹ የሚሆን አይደለም። ማንበብ የሚችል ሰው ግን ገጽ ማበጀትን ከማንበቡ ሊማር ይችላል፤ አንድ ልማድ ብቻ መጨመር አለበት።

ልማዱ እንዲህ ነው። ስታነቡ ዓይናችሁ በተደናቀፈ ቁጥር ቆም በሉ። አንዱን መስመር ጨርሳችሁ ወደሚቀጥለው ልትወርዱ ስትሉ ያንኑ መስመር ደግማችሁ ያነበባችሁበት ጊዜ የለም? አብዛኛው ሰው ደክሞኝ ነው፣ ወይ ዓይኔ ነው ብሎ ያልፈዋል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የገጹ ነው። መስመሩ ከልክ በላይ ረዝሟል፣ ወይም ከሥሩ ካለው መስመር ጋር ተጣብቋል፤ ዓይን ወደ ግራ ሲመለስ የትኛው ላይ እንደሚያርፍ ይጠፋዋል። እዚያች ቦታ ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጉ። ጥቂት ገጾች ከሄዳችሁ በኋላ ነጥቦቹን ተመልከቱ፤ ያው አንድ ዓይነት ጥፋት እየተመላለሰ ታገኙታላችሁ።

አሁን መጽሐፉን ገልብጡት፤ የገጹ ራስ ወደ ታች ይሁን። ማንበብ ስላልተቻለ ዓይን ቃሉን ይተውና ጥቁሩንና ነጩን ያያል። በአማርኛ መጽሐፍ ከሆነ ገጹ እንዴት ጥቅጥቅ እንዳለ ታያላችሁ። ምክንያት አለው። የላቲኑ ትናንሽ ፊደላት እኩሌቶቹ አጫጭር ናቸው፤ ጥቂቶች ብቻ ወደ ላይ ይመዘዛሉ፣ ጥቂቶች ወደ ታች ይወርዳሉ። በአጫጭሮቹ ላይና ሥር የሚቀረው ነጭ ቦታ ለዓይን ማረፊያ ይሆናል። የእኛ ፊደል ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶ ነው የሚቆመው። ለዚህ ነው ለእንግሊዝኛ በቂ የሆነው የመስመር ርቀት በአማርኛ ሲሆን ገጹን የሚያፍነው። ኮምፒውተሩ በራሱ የሚሰጣችሁን ርቀት ዝም ብላችሁ አትቀበሉት። ጥቂት ከፈት አድርጉትና አንድ ገጽ አትማችሁ አንብቡ፤ ልዩነቱን ዓይን ወዲያው ያውቀዋል።

(አጭር የመሸጋገሪያ ዜማ)

በእኛ ዞን፣ በከሚሴም ሆነ በባቲ፣ በሰንበቴም ሆነ በጨፋ ሮቢት፣ አንድ ዕድል አለ፤ ብዙ ሰው ዕድል መሆኑን ልብ አይለውም። በአንድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሦስት ፊደል ይገናኛል። አባት የሚቀሩት ኪታብ በዐረብኛ ፊደል ነው፤ የልጅ መማሪያ በቁቤ፣ በኦሮምኛ የላቲን ፊደል፣ ነው፤ ታላቅ እኅት የምታነበው ልቦለድ በግዕዝ ፊደል ነው። ሌላ አገር ያለ የሙያው ተማሪ ይህን ለማየት ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ማገላበጥ አለበት። ሦስቱ ፊደላት ደግሞ ከገጽ የሚፈልጉት አንድ ዓይነት ነገር አይደለም።

ከብራናው እንጀምር። በእጅ የተጻፈ ዳዊት የማየት ዕድል ያጋጠማችሁ፣ ገጹን አስታውሱት። ጸሐፊው ቀለም ሳይነክር በፊት ብራናውን በወስፌ ወግቶ፣ ደረቅ መስመር አስምሮ፣ ኅዳጉን ለክቶ ነው የሚነሣው። ሌላው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ በሁለት ዓምድ ሲጻፍ መዝሙሩ ግን በአንድ ዓምድ ይጻፋል፤ በዚያው ጥራዝ መጨረሻ ላይ ያለው ውዳሴ ማርያም እንደገና ወደ ሁለት ዓምድ ይመለሳል። ይህ የጸሐፊው ስልቹነት አይደለም። በመዝሙሩ እያንዳንዱ ስንኝ የራሱን መስመር መያዝ አለበት፤ የሚደግመው ሰው ትንፋሹን የሚሰበስበው በመስመሩ መጨረሻ ላይ ነውና። ስንኙ ረዝሞ ከመስመሩ ቢተርፍ ጸሐፊው ምን ያደርጋል? ትርፉን ወደሚቀጥለው መስመር አውርዶ የሌላውን ስንኝ ቦታ አያሻማም። የተረፉትን ጥቂት ፊደላት አሳንሶ ከዚያው መስመር ጫፍ በላይ ወይም በታች ይሸጉጣቸዋል፤ በትንሽ ምልክትም ያስራቸዋል። ያቺን ጫፍ ቀረብ ብላችሁ እዩዋት። የገጹ ማማር ጥቂት ተጎድቷል፤ ንባቡ ግን አልተነካም። ጸሐፊው ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ያወቀው ዳዊቱን ራሱ ሲደግም ስለኖረ ነው።

ግጥም ለማሳተም የምታስቡ ይህን ያዙልን። በኮምፒውተር የተሠሩ ብዙ የግጥም መጻሕፍት ላይ ረዥሙ ስንኝ ይሰበርና ቅሪቱ በሚቀጥለው መስመር መነሻ ላይ ይወድቃል፤ አንባቢ አዲስ ስንኝ መስሎት ቤቱን ያጣዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቅሪቱን ወደ ውስጥ አስገቡት፣ ወይም በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ረዥሙን ስንኝ አስቀድማችሁ ፈልጉና የፊደሉን መጠንና የገጹን ስፋት በእሱ ለኩ።

ወደ ኪታቡ እንምጣ። ሾንኬን የማያውቅ በእኛ ዘንድ የለም፤ በድንጋይ ቤቶቿ የታወቀችው፣ ተራራ ላይ ያለችው የአርጎባ መንደር። ታሪክ ጸሐፊው ሁሴን አሕመድ ስለ ወሎ እስልምና የጻፉትን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2001 አሳትመዋል፤ በ2006 በወጣ ሌላ ጥናታቸው ደግሞ የሾንኬውን ዓሊም የሼኽ ጀውሃር ብን ሐይደርን ሕይወት ዘርዝረዋል። እንዲህ ባሉ የዕውቀት ቦታዎች ደረሳ፣ ማለትም ተማሪው፣ የሚቀራበት ኪታብ በገጽ አሠራሩ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ዋናው ቃል፣ መትኑ፣ መሐል ላይ በጉልህ ይቀመጣል፤ ማብራሪያው፣ ሸርሑ፣ ከሥሩ ወይም ከዙሪያው ይመጣል፤ የማብራሪያው ማብራሪያ፣ ሐሺያው፣ ደግሞ ኅዳጉን ተከትሎ አንዳንዴም እየዞረ ይሄዳል። ቀይ ቀለም የትኛው የማን ቃል እንደሆነ ይለያል። በገጹ ግርጌ ጥግ ላይ ብቻዋን የቆመች አንዲት ቃል ታያላችሁ፤ የሚቀጥለው ገጽ መጀመሪያ ቃል ናት። ጥራዙ ቢፈታ ወረቀቱን በቅደም ተከተሉ መልሶ ለመሰብሰብ ትረዳለች፤ ጮክ ብሎ የሚያነብም ቅጠሉን ሲገልጥ ንባቡ እንዳይቋረጥ ታደርጋለች።

ለማስተማር በተዘጋጀ ኪታብ በመስመርና በመስመር መካከል ሰፊ ቦታ ተትቶ ብታዩ ወረቀት የተረፈው ሰው ሥራ እንዳይመስላችሁ። ደረሳው ሼኹ ያሉትን የሚጽፍበት ቦታ ነው። አሁን ጭናችሁ ላይ ያለውን ወርክሺት እዩት። ኅዳጉ ጠባብ ነው፣ ጥያቄዎቹ ተጣብቀዋል፣ ልጁ መልሱን የሚጽፍባት ሰረዝ የጣት ጥፍር ታህላለች። በወረቀት የሚማርን ልጅ በማሰብ ከአያቶቻችን ኪታብ ወደ ኋላ ቀርተናል ማለት ነው።

በእርግጥ የወረቀት ዋጋ አለ። አስተማሪውም ሆነ ኮፒ ቤቱ ሁለት ገጽ ከሚሆን አንድ ገጽ ይሁን ቢሉ አይፈረድባቸውም። በመጽሐፍ ሥራም ያው ነው። ማተሚያ ቤት አንድ ትልቅ ወረቀት አትሞ ሲያጥፈው ብዙ ጊዜ 16 ገጽ ያወጣለታል። ስለዚህ መጽሐፋችሁ 163 ገጽ ከመጣ ሦስቷ ገጽ ሌላ እጥፋት ትጠይቃለች። ያኔ ፊደሉን አሳንሰን በ160 እንጨርሰው የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ ብዙ የአገራችን መጻሕፍት የተጨናነቁትም በዚህች የመጨረሻ ሰዓት ውሳኔ ነው። ለሦስት ገጽ ተብሎ የመጽሐፉ ፊደል ሁሉ ማነስ የለበትም። ባዶ የቀሩ ገጾች ካሉ፣ ረዥም የምስጋና ገጽ ካለ፣ ምዕራፍ ሁሉ በቀኝ ገጽ ይጀመር ተብሎ ከሆነ፣ መጀመሪያ ከእነዚህ ላይ ይቀነስ።

(ዜማ)

ወደ ቁቤ እንለፍ። ቁቤ በ1984 ዓ.ም. ለአፋን ኦሮሞ በይፋ ከተመረጠ ወዲህ የእኛ ዞን ልጆች በእሱ ይማራሉ። ከዚያ በፊት ኦሮምኛ በግዕዝ ፊደልም ይታተም ነበር፤ ኦነሲሞስ ነሲብ የተረጎሙት፣ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ነው የወጣው። ቁቤ ድምፅን በሚገባ ይለያል፤ ረዥሙን አናባቢ ይደግማል፣ የሚጠብቀውን ተነባቢ ይደግማል። በዚህ የተነሣ ቃሉ በገጹ ላይ ይረዝማል። ለምስጋና የምንላትን ገለቶሚ ውሰዱ፤ በግዕዝ ፊደል 4 ናት፣ በቁቤ 9።

ረዥም ቃልና ጠባብ ዓምድ አይስማሙም። የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ በሁለት ዓምድ ተከፍሎ፣ ጽሑፉ ደግሞ ግራና ቀኙ እኩል ይሁን ተብሎ ጀስቲፋይ ሲደረግ ማሽኑ ረዥሙን ቃል ወደ ታች ያወርደውና የቀሩትን ሦስት ቃላት በግድ ይለጥጣቸዋል። በየመስመሩ የሚፈጠረው ክፍተት አንዱ ከአንዱ ሥር ሲገጥም፣ በጨፋ ማሳ መሐል እንደሚወርድ የመስኖ ቦይ ነጭ መንገድ ከገጹ ላይ እስከ ታች ይወርዳል። ዓይን ያንን ተከትሎ ይወርዳል እንጂ መስመሩን ተከትሎ አይሄድም። አማርኛውም ከዚህ አላመለጠም፤ አንድ ግሥ ቅጥያውን ሁሉ ተሸክሞ ግማሽ መስመር ሲይዝ አይተናል። የብራና ጸሐፊው ይህ ችግር አልነበረበትም። በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ ስላለ ቃሉን መስመሩ ባለቀበት ቆርጦ ቀሪውን ከታች ይቀጥለዋል፤ አንባቢውም ሁለቱን ነጥብ እስኪያገኝ ድረስ ቃሉ እንዳላለቀ ያውቃል። እኛ ሁለቱን ነጥብ በባዶ ቦታ ከተካን በኋላ ያ ነጻነት ቀረ፤ የዓምዱን ጠርዝ የማስተካከሉ ልማድ ግን አብሮን አለ። በጠባብ ዓምድ ላይ የቀኙን ጠርዝ እንዲሁ ብትተዉት ገጹ አይበላሽም። አንዳንድ ደንበኛ አልተስተካከለም ብሎ ሊቆጣ ይችላል፤ ሁለቱንም አትማችሁ አስነብቡት።

በቁቤ ሌላም ነገር አለ። ሁለት ፊደል ተጣምሮ አንድ ድምፅ የሚሆንበት ቦታ አለ፤ ዸ የምንለው ድምፅ በሁለት የላቲን ፊደል ይጻፋል። በእንግሊዝኛ ሕግ ቃል እንዲቆርጥ የታዘዘ ኮምፒውተር ጥንዱን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ላይ፣ አንዱን ታች ሊያስቀር ይችላል። አፋን ኦሮሞ የማያነብ ሠራተኛ ይህን አያየውም። እንዴት ይየው?

ሠራተኛው በማያነበው ቋንቋ የማተም ችግር በእኛ አልጀመረም። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ቄስ ሮም ውስጥ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ዘንድ ግዕዝ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1513 ዳዊትን አሳተመ፤ በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እሱ ነው። ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ1548 እና በ1549፣ እዚያው ሮም ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን አዲስ ኪዳንን አሳተሙ። ፊደል የሚለቅሙት ጣሊያኖች ግዕዝ አያነቡም፤ መነኮሳቱ ደግሞ የማተሚያ ሥራ አያውቁም። መጽሐፉ ሲያልቅ ይህንኑ ገልጸው ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። የወሎም ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። በዛሬው ወሎ ከሚገኘው ከመካነ ሥላሴ የተነሡት አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ጀርመናዊውን የቋንቋ ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍን አገኙት፤ በ1652 ጀርመን ድረስ ሄደው አብረውት ሠሩ። ሉዶልፍ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ከእሳቸው በተማረው ነው። በ1661 ለንደን ላይ የታተመውን እንደገና አርሞ፣ መዝገበ ቃላቱን በ1699፣ ሰዋስውን በ1702 ፍራንክፈርት ላይ አወጣ። አንባቢውና ሠሪው አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ገጹ ይጠራል።

አገር ቤት ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም ሥራው የሚሠራው በፊደል ለቃሚዎች ጉልበት ነበር። መሠረታዊው ፊደላችን ብቻ 33 በ7፣ 231 ነው፤ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ሳይቆጠሩ። እያንዳንዱ የእርሳስ ፊደል ከየሳጥኑ በእጅ ይለቀማል፤ ለዚያውም የፊደሉ ፊት ተገልብጦ። በዚህ መንገድ ገጽ የሠራ ሰው ፊደልን በጣቱ ያውቀዋል፤ ዛሬ በኪቦርድ የምንሠራ ሰዎች ያንን ዕውቀት ማካካስ የምንችለው በዓይን ነው።

ስለ ሙያው ብዙ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። እጃችሁ ከገባ አንብቡ፤ ቁጥሩን ግን እንዳለ አትውሰዱ። ካናዳ የኖረው ሮበርት ብሪንግኸርስት እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው የታወቀ መጽሐፍ አንድ መስመር ከ45 እስከ 75 ፊደል ቢይዝ መልካም እንደሆነ፣ 66 ደግሞ ተመራጭ ተደርጎ እንደሚታይ ያስረዳል። ይህ ለላቲን ነው። ሰላም የምንለው ቃል በላቲን 5 ፊደል ይፈጃል፣ በእኛ 3። በዚህ ስሌት 66ቱ በእኛ ፊደል ወደ 40 ይወርዳል፤ ይህም ቢሆን ግምት ነው እንጂ ሕግ አይደለም። በምቾት ያነበባችሁትን የአማርኛ ልቦለድ አንሡና አሥር መስመር ቆጥራችሁ አማካዩን ያዙ፤ ያስቸገራችሁንም እንዲሁ። የራሳችሁን ቁጥር ታገኛላችሁ። ኅዳጉንም በማስመሪያ ለኩ፤ በተለይ የውስጡን፣ ወደ ጥረዛው ያለውን። በሙጫ የተጠረዘ ወፍራም መጽሐፍ ውስጡ ጠባብ ከሆነ አንባቢው በሁለት እጁ ካልፈለቀቀው አያነበውም፤ ሲፈለቅቀውም ቅጠሉ ይነቀላል።

የቀረን ሁለቱን ቋንቋ በአንድ ገጽ የምታስቀምጡበት ሥራ ነው፤ ማስታወቂያ፣ የሰርግ ጥሪ፣ የመሥሪያ ቤት መጽሔት። ለቁቤውም ለአማርኛውም 12 ብላችሁ ብትሰጡ በዓይን እኩል አይመጡም፤ ቁጥሩ ፊደሉ የተቀመጠበትን ቦታ ይለካል እንጂ የፊደሉን ቁመት አይለካም። ሁለቱን ጎን ለጎን አትማችሁ፣ ክንድ አርቃችሁ ይዛችሁ፣ ያነሰውን ከፍ አድርጉ። በጥሪ ካርዱ አናት ላይ ቢስሚላህ በዐረብኛ ከገባ ደግሞ ዐረብኛ የሚያነብ ሰው ሳያየው አይታተም፤ ከቀኝ ወደ ግራ መጻፍ የማያውቅ ፕሮግራም ፊደላቱን ነጣጥሎና ገልብጦ ሲያስቀምጣቸው ደጋግመን አይተናል።

ስለ ፎንቱም አንድ ነገር። የቆዩት የፓወር ግዕዝ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀመጡ ናቸው። ስለዚህ ሁለት ቋንቋ ያለበትን ጽሑፍ በሙሉ መርጣችሁ ፎንት ብትቀይሩ አማርኛው ትርጉም የለሽ ላቲን፣ ወይም ቁቤው ትርጉም የለሽ ግዕዝ ይሆናል። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ከሰጠው ወዲህ ይህ ችግር መቅረት ነበረበት፤ በየኮፒ ቤቱ ያሉ የድሮ ፋይሎች ግን ዛሬም አሉ። አዲስ ሥራ ስትጀምሩ በዩኒኮድ ፎንት ጀምሩ። ወደ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ስትልኩ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ፣ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ መግባቱን አረጋግጣችሁ ላኩ። ከመላካችሁ በፊት ደግሞ አንድ ገጽ በትክክለኛው መጠን አትማችሁ አማርኛውን ለአማርኛ አንባቢ፣ ቁቤውን ለቁቤ አንባቢ ስጡና ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብላችሁ አዳምጡ። የቆመበትን፣ የመለሰበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ ምልክት አድርጉ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ሽፋንና ስለ ጥረዛ እናወራለን።

(የመዝጊያ ዜማ)